«ብቻሽን ነሽ?» የማያሰኝ ጉዞ

አንዲት ወጣት በማለዳ ኡራኤል ቀላል ባቡር ጣቢያ ላይ ቆማለች እንበል። ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላለች፤ ኮምቦልቻ ያሉ እናቷን ልትጠይቅ ነው። በቀላል ባቡሩ ጥቂት ጣቢያ ብትሄድ ለገሃር ትደርሳለች። እዚያ የሚጠብቃት ግን የድሮው ባቡር ጣቢያ ሕንፃና ፊት ለፊቱ የቆመው አንበሳ ብቻ ነው። ከለገሃር ተነስቶ አገር አቋርጦ የሚሄድ ባቡር ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ወሎ መሄድ የፈለገች ሴት ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ መገኘት አለባት። እዚያም ትኬት ስትቆርጥ፣ ወንበሯን ስትፈልግ፣ ምሳ ለመብላት ስትወርድ አንድ ጥያቄ ይከተላታል፦ «ብቻሽን ነሽ?»

ጥያቄው ሁልጊዜ ከክፋት አይመጣም። አንዳንዴ እናት የሆነች ተሳፋሪ ልታስጠጋት ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዴ ግን ጠያቂው ሌላ ነው፤ መልሱንም የሚፈልገው ለሌላ ነው። ያም ሆነ ይህ ጥያቄው አንድ ነገር ይናገራል፦ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ሰው የሚጠበቀው አብሮት ባለው ሰው እንጂ በሥርዓት አይደለም። አጃቢ የሌለው ተጓዥ ጠባቂ የለውም።

ይህ የፈሪ ወሬ አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው መታገታቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጅ ልጁን ሲሸኝ ስልኩን ከእጁ አያወርድም። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የሌለው ወይ ይቀራል ወይ ይጸልያል።

የሚያስቆጨው ደግሞ ለዚያች የኡራኤል ልጅ የሚሆን ሐዲድ መነጠፉ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ በኩል ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ሲሆን ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍል ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው በኤሌክትሪክ ኃይል እጦት ሥራ ሳይጀምር ቆየ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ የመስመሩ ንብረት ለዘረፋና ለውድመት ተዳረገ። ተራራው ተበስቷል፣ ድልድዩ ቆሟል፣ ብድሩም ተወስዷል። የጎደለው ባቡሩ ነው።

ተራራማ አገር ባቡር አይመቸውም የሚል ሰው የታሪኩን ግማሽ ይዟል። የምኒልክ ዘመን ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ስለከበደው ከተማዋን ትቶ በቆላው አለፈ፤ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷል። የምጽዋው ባቡርም ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ አስመራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ያ መስመር በጦርነት ከፈራረሰ በኋላ ኤርትራውያን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችን ሳይቀር ጠርተው እንደገና አስነስተውታል። ዳገት የምህንድስና ጥያቄ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊትም ተመልሷል።

ባቡር ለብቸኛ ተጓዥ የሚሰጠው ምንድን ነው? ቁጥር ያለው ወንበር፣ የታወቀ ሰዓት፣ የማይከራከሩበት ዋጋ፣ በየፉርጎው የሚዞር ሠራተኛ። ሾፌሩ ደክሞት ይሆን፣ ከፊት ያለው መኪና ደርቦ ይመጣ ይሆን እያለች ጣርማ በርን በጭንቀት አትወጣም። በአዋሽ በኩል መዞሩ ኪሎ ሜትር ይጨምርባታል፤ ጭንቀት ግን ይቀንስላታል። ሕንድ በከተማ ባቡሮቿ ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ የመደበችው ብቻዋን የምትሄድ ሴት የተለመደች ተሳፋሪ መሆኗን ስላመነች ነው።

«ሰላም በሌለበት ባቡር ምን ይሠራል?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉም አይታለፍም። ሐዲድ በራሱ ሰላም አያመጣም፤ የጅቡቲው መስመርም ከስርቆትና ከጉዳት አላመለጠም። ደኅንነቱ ባልተረጋገጠ መስመር ተሳፋሪ ማጓጓዝ ወንጀል ይሆናል። ነገር ግን ሰላም በወረደ ማግስት የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ከመሬት አይበቅልም። ጥገናው ጊዜ ይፈልጋል። ሥራው ሰላምን ከጠበቀ፣ ሰላም ሲመጣ ደግሞ ሥራውን ይጠብቃል።

«መስመሩ ለጭነት ነው፤ ተሳፋሪ አያዋጣም» የሚሉም አሉ። ጭነት ብዙ ገቢ እንደሚያመጣ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዕዳውን የሚከፍለው ኮንቴይነር ሳይሆን ሕዝብ ነው። ሕዝቡ የከፈለበትን ሐዲድ ከሩቅ ብቻ እያየ የሚኖርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሦስት ነገር ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛ፣ ከአዋሽ ሐራ ገበያ ያለው መስመር ምን ያህሉ እንደተጎዳ፣ ምን ያህሉ እንደተጠገነና ኃይል መቼ እንደሚያገኝ በግልጽ ይነገር። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ ሲታቀድ መንገደኛው ከጭነቱ ኋላ የሚታሰብ አይሁን፤ ባቡሩ ከተማ የሚገባው በብርሃን ይሁን፣ ትኬቱም በስልክ ይቆረጥ። ሦስተኛ፣ ጣቢያው ከከተማው ይገናኝ። የጅቡቲው ባቡር መነሻ በከተማዋ ዳር፣ ፉሪ ለቡ ነው፤ የኡራኤሉ ቀላል ባቡር እዚያ አይደርስም። ራሱ ቀላል ባቡሩም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከ41 ባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙበትን ጊዜ አይቷል። ሐዲድ መመረቅ አንድ ነገር ነው፤ ማንቀሳቀስ ሌላ።

ያኔም ያቺን ልጅ «ብቻሽን ነሽ?» የሚላት አይጠፋም። ግን ትኬቷን አውጥታ የወንበሯን ቁጥር ታሳየዋለች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ተራራውን ታያለች።