ከኦፕሬሽን በኋላ ሌሊት እግር ሲያቁነጠንጥ «ቻለው» ብቻ አይበቃም



ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ በጠዋት ራውንድ ላይ ብዙም የማይነሳ ነው። ኦፕሬሽን የተደረገው ሰው ቁስሉ ደህና ነው፣ ትኩሳት የለውም፣ ጋዝ ወጥቶለታል። ሌሊቱን ግን አልተኛም። «ቁስሉ አመመህ?» ሲባል «ቁስሉስ ደህና ነው፣ እግሬ ነው እንጂ፤ አላስቀምጥ አለኝ» ይላል። አንዱ «ጉንዳን ውስጡን የሚሄድበት ይመስለኛል» ይላል፣ ሌላዋ «ይሰረስረኛል፣ ካላንቀሳቀስኩት አልችልም» ትላለች። አስታማሚ «ብርድ ነው» ብሎ ካልሲ ይደርባል። ጎን ያለው አልጋ «ማደንዘዣው ነው፣ ይለቅሃል» ይላል። አንዳንዴ ከባለሙያም የሚሰማው መልስ «ቻለው፣ ያልፋል» የሚል ነው።

እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ይህ ስም ያለው፣ መንስኤው የሚፈለግ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሊቀል የሚችል ችግር ነው። በሕክምና «ሬስትለስ ሌግ ሲንድረም» ይባላል፤ እረፍት የሚነሳ የእግር ሕመም ልንለው እንችላለን። አዲስ በሽታም አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ጽፎበታል፤ ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦም ደግሞ በ1945 የዛሬውን ስሙን ሰጥቶ በዝርዝር አስረድቶታል።

በምን ይታወቃል?

አራት ነገሮችን አስተውሉ፦
1. እግርን የማንቀሳቀስ ከባድ ፍላጎት አለ፤ ብዙ ጊዜ ከማይመች ስሜት ጋር።
2. ሲቀመጡ ወይም ሲተኙ ይጀምራል ወይም ይብሳል።
3. ሲራመዱ ወይም እግር ሲያንቀሳቅሱ ይቀላል።
4. ማታና ሌሊት ይብሳል።

ጡንቻ ጓጉሎ ከያዘና ከደነደነ ቁርጠት ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን ሌት ተቀን ካቃጠለውና ካደነዘዘው የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሕክምናቸው ይለያያል።

ለምን ከኦፕሬሽን በኋላ?

አንደኛው ምክንያት መተኛቱ ራሱ ነው። ሕመሙ የሚብሰው በእረፍት ጊዜ ስለሆነ፣ ቀድሞ ትንሽ ትንሽ የነበረው ሰው አልጋ ላይ ሲውል ይገንበታል።

ሁለተኛው ደም ነው። በኦፕሬሽንም ሆነ በወሊድ ደም ሲፈስ ብረት (አይረን) አብሮ ይሄዳል። አእምሯችን የሰውነትን እንቅስቃሴ ለመቆጣጠር ብረት ያስፈልገዋል፤ የብረት እጥረት ደግሞ የዚህ ሕመም ዋና መንስኤዎች ከሚባሉት አንዱ ነው። እርግዝናም ራሱ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በኦፕሬሽን የወለደች እናት ሁለቱም ይደራረቡባታል። የኩላሊት ድካም ያለባቸው ሰዎችም ይበልጥ ይጠቃሉ።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም ይህን ነው። ማስታወክን ለመከላከል የሚሰጡት ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) እና ፕሮሜታዚን፣ እንዲሁም ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ሕመሙን ሊያባብሱ ይችላሉ። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሸጡት እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶችም እንደዚሁ። በእንዲህ ዓይነት መርፌ ማግስት መላ ሰውነቱን አላስቀምጥ ያለው ሰው ካለ «ተጨነቀ» ብላችሁ አትለፉት፣ ለነርሷ ወዲያው ንገሯት።

የእኛ አካባቢ ሰው ለምን ይበልጥ ሊያስብበት ይገባል?

ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ብረት የምናጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በፎገራ የሩዝ ማሳ በባዶ እግር የሚውል ገበሬ በመንጠቆ ትል ሊያዝ ይችላል፤ ትሉ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። ሐይቁ ዳር የሚዋኙ ልጆች፣ የሚያጥቡ እናቶችና ዓሣ አስጋሪዎች ለቢልሃርዚያ የተጋለጡ ናቸው። ወባም ደምን ያሳንሳል። ጾማችን ረጅም ነው፣ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ብረት ደግሞ እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ባሕር ዳር መጥቶ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ኦፕሬሽን የሚደረግ ሰው ቢላ ከመንካቱ በፊት የብረት ክምችቱ ተሟጦ ሊሆን ይችላል። የኦፕሬሽኑ ደም ያችኑ የቀረችውን ይወስዳል።

እግሩን ከማሸታችሁ በፊት ተመልከቱ

እባካችሁ ይህችን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ። ከኦፕሬሽን በኋላ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። በእኛ ባህል ደግሞ እግሬን አመመኝ ያለን ሰው ቅባት ይዘን ማሸት ይቀድመናል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለቱን እግሮች ገልጣችሁ አስተያዩ። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ ወይም ባቱ ሲነካ ካመመ አታሹት፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጠራ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ካለ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። ቤት ከሆናችሁም ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እረፍት የሚነሳው የእግር ሕመም እግርን አያሳብጥም።

አልጋ ላይ ምን ማድረግ ይቻላል?

• መነሳት የተፈቀደላችሁ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። «ቁስሉ እንዳይከፈት አትንቀሳቀሺ» የሚለው የጎረቤት ምክር ለአብዛኛው ኦፕሬሽን ልክ አይደለም። በኦፕሬሽን የወለደች እናት እንኳ ችግር ከሌለባት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ተደግፋ እንድትነሳ እናበረታታለን። የአጥንት ኦፕሬሽን የተደረገላችሁ ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳትረግጡ።
• በወገብ መርፌ የደነዘዘ እግር ስሜቱና ጉልበቱ ሳይመለስ አትቁሙ። ስትነሱም መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀመጡ፣ ሰው ይያዛችሁ።
• ተኝታችሁ ሳላችሁ የእግር ጣቶቻችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ወደ ታች ግፉ። በየሰዓቱ አሥር ጊዜ። ይህ ደም እንዳይረጋም ይረዳል።
• ሁለቱም እግሮች ደህና ከሆኑ በቀስታ ማሸትና ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያቀላል። የደነዘዘ እግር ላይና የስኳር ሕመምተኛ ላይ ግን ትኩስ ነገር አታድርጉ፣ ሳይሰማው ይቃጠላል።
• ማታ ላይ አእምሮን ያዝ የሚያደርግ ነገር ይረዳል፤ ጨዋታ፣ ማንበብ፣ ወሬ። አስታማሚዎች፣ እዚህ ላይ እናንተ መድኃኒት ናችሁ።
• አልኮልና ሲጋራ ያባብሳሉ። ቡናም ከቀትር በኋላ ቢቀር ይሻላል።

ስለ ቡናና ስለ ብረት ኪኒን

የዘጌን ቡና የምጠላ እንዳይመስላችሁ! ጠያቂ በፔርሙስ ቡና ይዞ ሲመጣ፣ በአራስ ቤትም ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ደስ ይላል። ችግሩ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ማገዳቸው ነው። ኪኒኑን በቡና መዋጥ ግማሹን መድኃኒት እንደ መድፋት ነው። በኪኒኑና በቡናው፣ በሻዩ ወይም በወተቱ መካከል ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይገባል።

ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ የኪኒኑ ነው። ሆድ ቢደርቅ ወይም ቢያቅለሸልሽ አታቋርጡ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አወሳሰዱ ይስተካከላል፣ ካልሆነም በደም ሥር የሚሰጥ አለ። ለውጡ በሳምንት አይታይም፣ እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ኪኒኑን ከልጆች አርቁ፤ ለእናት መድኃኒት የሆነው ብረት ልጅ በብዛት ከዋጠው ይገድላል።

ሳይመረመሩ ገዝቶ መዋጥም ልክ አይደለም። የብረት ክምችት የሚለካው ፌሪቲን በሚባል የደም ምርመራ ነው። «ደምሽ ደህና ነው» ተብላችሁም ክምችቱ ሊያንስ ይችላል። ይህ ሕመም ላለበት አዋቂ ከ75 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ብረት መስጠት ይመከራል። ከኦፕሬሽን በኋላ ግን ሰውነት ስለሚቆጣ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ውጤቱን ሐኪም ያንብበው።

ከጎረቤት የሚመጣ መድኃኒት

«ለእኔ ሠርቶልኛል» ተብሎ የሚሰጥ ትራማዶል ወይም የእንቅልፍ ኪኒን አትቀበሉ። ከኦፕሬሽኑ የሕመም ማስታገሻ ጋር ተደርቦ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ሕመሙ ከጠና ሐኪም የሚያዝዛቸው እንደ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ እንደ ኩላሊታችሁ አቅም የሚመጠኑ ናቸው። ከዚህ በፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ደግሞ በራሳችሁ አታቁሙ።

የእኔ አቋም

ኦፕሬሽን የሚደረግን ሰው ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ አለርጂ እንጠይቃለን። «ማታ ማታ እግርህን አላስቀምጥ ይልሃል?» የሚለው ጥያቄ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። አዎ ካለ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የማስታወክ መድኃኒቱ ሌላ ይሁን፣ ለምሳሌ ኦንዳንሴትሮን። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ ብረቱ ከኦፕሬሽኑ በፊት ይታይ። ፌሪቲን በሁሉም ጤና ተቋም አይሠራም፣ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም የሚል ባለሙያ እውነት አለው። ግን ለመጠየቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ተራ የደም ምርመራና የሰገራ ምርመራም ብዙ ይናገራሉ።

እናንተም ሳትጠየቁ ተናገሩ። በተለይ እናቶች! «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላችሁ ልጅ ታቅፋችሁ «እግሬን» ማለት ቅብጠት መስሎ ይታያችኋል። አይደለም። ሌሊቱን ያልተኛች እናት ቁስሏም ሆነ ልጇን ማጥባቱ ይከብዳታል፣ ስትነሳም ትወድቃለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

በእርግዝና የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ከወር በላይ ከቆየ ግን ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ።

ለታመማችሁ እግዚአብሔር ይማራችሁ፣ ለምታስታምሙም ብርታቱን ይስጣችሁ። ኦፕሬሽን የሚጠብቅ ሰው ካወቃችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት።

መልካም ጤና!