ተከላካይ በአንድ ቀን አይፈረድበትም

«በአንድ ተከላካይ የተነሳ ከአብሮ አደጌ ጋር ተኳርፈናል፤ ፍረድልኝ» ያልከኝ የአርሰናል ደጋፊ፣ ነገሩን እንየው። ያ ጸጉሩ የተንጨባረረው ብራዚላዊ አይደል?

«አጥፊ ነው» የሚለው ጓደኛህ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ2019/20 የውድድር ዘመን በሊጉ 5 ፍጹም ቅጣት ምት አሰጥቷል። ጁን 17 ቀን 2020 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ተቀይሮ ገብቶ፣ ለአንድ ጎል ምክንያት ሆኖ፣ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጥቶ በቀይ ካርድ ወጣ። 3 ለ 0!

አንተም አልዋሸህም። በወሩ፣ ጁላይ 18፣ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ያንኑ ሲቲን 2 ለ 0 ስታሸንፉ የኋላው መስመር ምሰሶ እሱ ነበር። ዋንጫውንም አነሳችሁ።

ታዲያ በአንድ ወር ሰው ተለወጠ እንዴ? የለም፤ አሰላለፉ ነው የተለወጠው። መጀመሪያ በአራት ተከላካይ፣ በኋላ በሦስት ተጫወታችሁ፤ እሱም መሀል። ግራ ቀኙ ሰው ሲኖር የጭንቅላት ኳሱና ረጅም ቅብብሉ ይወጣል። ሜዳው ሰፍቶ ብቻውን ሲቀር ግን ቸኩሎ ይገባል። እናም እኔ ስፈርድ፣ ጎበዝ ነው፤ ግን አጋዥ ይፈልጋል።

ለጓደኛህ ግማሹን እመንለትና ታረቁ። አጥቂ አምስት ስቶ አንድ ሲያገባ ይጨበጨብለታል፤ ተከላካይ 89 ደቂቃ ለፍቶ በአንዷ ይሰደባል። ይሄ ፍርድ አይደለም።