ካሣ በብድር አይከፈልም

በደባርቅና በዳባት አገር የአንዱ ሰው ከብት የጎረቤቱን ገብስ ቢበላ፣ ነገሩ የሚያልቅበት መንገድ የታወቀ ነው። ሽማግሎች ከማሳው ላይ ተገኝተው ጉዳቱን ይገምታሉ፤ ባለከብቱም የተገመተበትን ይከፍላል። «እህል ስላጣህ ገብስ ላበድርህ፤ በመከር ከነወለዱ ትመልስልኛለህ» ቢል ግን የሚሰማው ሽማግሌ አይገኝም። ተበዳዩን ባለዕዳ ማድረግ ዳኝነት አይባልምና።

ይህ የደጋው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፍርድ ወደ ዓለም ሸንጎ ሲደርስ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ባለጸጎች መንግሥታት ከመቶ ዓመት በላይ ባነደዱት ከሰልና ዘይት የምድር አየር ሞቋል፤ ዝናቡም ጊዜውን እየሳተ ነው። ከዛሬው ጢስ የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 እጅ አይሞላም። ዘመኑን በአውሮጳውያን አቈጣጠር ስንጽፍ፣ በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአፍሪካን ቃል ይዘው በቀረቡበት በኮፐንሃገን ጉባኤ፣ ባለጸጎቹ እስከ 2020 ድረስ በያመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገቡ። ገንዘቡ የሞላው ግን በ2022 ነው፤ ከመንግሥታት ካዝና ከወጣውም ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው ብድር ነበር። በ2024 በባኩ ጉባኤ ደግሞ እስከ 2035 ድረስ በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ተስማሙ፤ ምን ያህሉ ስጦታ፣ ምን ያህሉ ብድር እንደሚሆን ግን አልወሰኑም።

«የሰው ገንዘብ ነው፤ የሰጡንን ተቀብለን ማመስገን ይገባናል» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሰጪው ባለጸጋው ብቻ መስሏቸው እንደ ሆነ ወደ ስሜን ተራሮች ይመልከቱ። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጠረ። ከዚህ መዝገብ የተፋቀው በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ2016 የጊች ሰዎች ከአባቶቻቸው መሬት ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ዋልያ የሚሰማራበት ሣር እንዲያገግም ገብስ አብቃዩ ቀዬውን ለቀቀ፤ ካሣ ቢከፈለውም ማሳውና ግጦሹ ቀርተውበት የከተማ ነዋሪ ሆነ። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ሀብት ለማዳን የድኻው ገበሬ መዋጮ መሬቱ ከሆነ፣ የባለጸጋው መዋጮ ብድር ሊሆን አይገባም።

«ገንዘቡ ቢመጣ ይባክናል» የሚሉም አልታጡም። ይህ ሥጋት የሚመለሰው በቍጣ ሳይሆን በመዝገብ ነው። በየወረዳው ስንት እርከን እንደ ተሠራ፣ ከተተከለው ችግኝ ስንቱ እንደ ጸደቀ፣ ውርጭና ጎርፍ ምን እንዳጠፉ ሳያዛቡ መጻፍ የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግዴታ ነው። ጉዳቱን ቈጥሮ ላላቀረበ ተበዳይ ሽማግሌም ሊገምትለት አይችልም።

አዲስ አበባ ይህንኑ የዓለም ጉባኤ በ2027 እንድታስተናግድ ተመርጣለች። እንግዶቹን እንደ ልማዳችን በክብር እንቀበላቸው። በሸንጎው ግን «እርዳታ» የሚለውን ቃል ትተን «ካሣ» እንበል፤ መዝገባችንንም ከፊታቸው እንዘርጋ።