«ሶፍትዌሩ አይሠራውም» አትበሉኝ

«ሶፍትዌሩ አይሠራውም።» ይህችን ሰበብ ከእንግዲህ መስማት አልፈልግም። ቅስት መስኮት የሚፈልግ ባለቤት ወደ ዲዛይን ቢሮ በገባ ቁጥር ይህችኑ ተቀብሎ ይወጣል። አርክቴክቱ ይላታል፣ ድራፍትማኑ ይደግማታል፣ ተቋራጩ ያጸድቃታል። ባለቤቱ ምን ያውቃል? አምኖ አራት ማዕዘኑን ይቀበላል።

ውሸት ነው። እናንተም ታውቃላችሁ፤ ስብሰባ ላይ ሆድ ይፍጀው ብላችሁ ዝም አላችሁ እንጂ።

ሬቪት የተባለው የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌር የግድግዳ መክፈቻ ትእዛዙ የሚቆርጠው አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም የግድግዳውን የጠርዝ መስመር፣ ከፍቶ ቅስት መሣል የደቂቃዎች ሥራ ነው። መስኮቱ የሚደጋገም ከሆነ የራስን ፋሚሊ፣ ማለትም ልኩ የሚቀያየር የመስኮት ሞዴል፣ መሥራት ነው። ስፋቱንና የቅስቱን ቁመት ስጡት፣ ሬዲየሱን ራሱ ያስላ። የስፋቱን ካሬ ለቁመቱ ስምንት እጥፍ አካፍሉ፣ የቁመቱን ግማሽ ደምሩበት፤ በቃ። 1.20 ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቅስት ሬዲየሱ ልክ 1 ሜትር ነው። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ ነው። ዲግሪ ይዞ ይህ ከበደኝ የሚል ሰው እንዴት አያፍርም?

«ውድ ነው» የምትለዋም አለች። ምኑ ነው ውዱ? ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ያለ ቅስት መስኮት መስታወቱ ዝርግ ነው! ጠርዙ ብቻ ነው በክብ የሚቆረጠው፤ የሚታጠፈው ፍሬሙ ነው። የሚወደደው ራሱ የታጠፈ መስታወት ነው፤ እሱም የሚያስፈልገው ግድግዳው ሲዞር ነው። ሁለቱን አደባልቆ ባለቤቱን ማስፈራራት ምን ይባላል? ባለሙያነት?

ግድግዳው ራሱ ሲዞር ሥራው ከባድ ነው። ፕሮፋይል መክፈት እዚያ አይሠራም፤ ከሶፍትዌሩ ቤተ መጻሕፍት የተጎተተው መስኮትም ዝርግ እንደሆነ ይቀመጣል። 3 ሜትር ሬዲየስ ባለው ግድግዳ ላይ 2 ሜትር ስፋት ያለው ዝርግ መስኮት አስቀምጡ። መሐል ላይ ግድግዳው ከመስኮቱ መስመር 17 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ይሄዳል። አሥራ ሰባት! በምስሉ ላይ ፊት ለፊቱ ዛፍ ተክለው ይሸፍኑታል፤ በፕላኑ ላይ «በሳይት ይወሰን» ብለው ይጽፋሉ። በሳይት ማን ይወስን? አሉሚኒየም ሠራተኛው! እሱ ምን ያድርግ? በሲሊኮን ይደፍነዋል። ክረምት ሲገባ ውሃው በዚያው ይገባል። ያን ጊዜ የሚሰደበው ማነው? ንድፉን የሣለው ሲሰደብ አይቼ አላውቅም።

መፍትሔው ጠፍቶ ነው? አይደለም። ያንኑ መስኮት ለአራት የ50 ሳንቲ ሜትር መስታወት ክፈሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ ልዩነቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ መስታወቱም ዝርግ ነው፣ ማንም ቤት ይገኛል። ቀዳዳውን በቮይድ (በመቁረጫ ቅርጽ) ቁረጡት፣ ፍሬሙን የግድግዳውን ኩርባ ተከትሎ እንዲሄድ አድርጉት። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ቀን የማይሰጠው ሕንፃ ለምን ይሠራል?

ስኬችአፕን የሙጥኝ ያላችሁትም አታመልጡም። ፕሮግራሙ ዝም ከተባለ ቅስትን በ12 ቀጥታ መስመር ነው የሚሥለው። 2 ሜትር ስፋት ያለው ግማሽ ክብ በ26 ሳንቲ ሜትር ቁርጥራጭ ተሰባብሮ ይወጣል። የመስመሮቹን ቁጥር ከፍ ማድረግ አንድ ትየባ ነው። ያንን ሳያደርጉ የላኩለት ብረት ሠራተኛ እንደተሣለው ቢቆርጥ ጥፋቱ የማን ነው?

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን በየመድረኩ የሚነገረው ነው። ለአፍ ዳገት የለውም! ስላይዱ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ይወጣል፤ ከአለት የተፈለፈሉት፣ ጫፋቸው የሾለ የላይኛዎቹ ቅስት መስኮቶች ይደነቃሉ። የፋሲል ግንብ ይወጣል፤ በቀይ ድንጋይ የተከበበው ክብ ቅስት ይጨበጨብለታል። 17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ሬቪት ነበረ? ተናጋሪው ከመድረክ ወርዶ ቢሮው ይገባል፣ የመጀመሪያውን አራት ማዕዘን መስኮት ይጎትታል፣ 60 ጊዜ ይደጋግመዋል። ባለቤቱ «ትንሽ ሀገርኛ አድርጉልኝ» ሲል ደግሞ በአራት ማዕዘኑ ላይ የፎም ቅስት ይለጠፋል፣ ቀለም ይቀባል። ቅርስ ጥበቃ ማለት ይህ ነው? ቅስት መገንባት የሚችል ግንበኛ ሥራ አጥቶ፣ ፎም ለጣፊ ሥራ በዝቶበት ስለየትኛው ቅርስ ነው የምናወራው?

እኔ ጨርሻለሁ። ሬዲየሱ ያልተጻፈበት፣ የቅስቱ መነሻ ከወለል በስንት ከፍታ ላይ እንዳለ ያልተገለጸበት፣ «በሳይት ይወሰን» የሚል ፕላን ጠረጴዛዬ ላይ ከመጣ ፊርማዬን አያገኝም። የሚቆጣ ይቆጣ። ሥራው የሚቀርብኝም ከሆነ ይቅርብኝ።