ደብተር ተዘግቶ የሚጠና ትምህርት

እንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ተራራውን የሚያስታውሰው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት የእንጨት ሸክም ነው። ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ ከሚወርዱት ሴቶች መካከል ከትምህርት ቤት መልስ እናታቸውን የሚያግዙ ልጃገረዶች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቤት የቤት ሥራ የሚሠራው ከእራት በኋላ፣ እንቅልፍ እያዳፋ ነው። ዛሬ ከእነዚያ እናቶች መካከል በለሚ እንጀራ ማዕከል ተቀጥረው ደመወዝተኛ የሆኑ አሉ። ሆኖም አንድ ጥያቄ አሁንም እንዳለ ነው፦ ራሷ የመማር ዕድል ያላገኘች እናት ልጇን እንዴት ታስጠና?

ትችላለች። እንዲያውም ገንዘብ ካለው ወላጅ አታንስም።

ገንዘብ ያለው አስጠኚ ይቀጥራል። ጊዜ ያጣው ደግሞ እርሳሱን ከልጁ ተቀብሎ መልሱን ራሱ ይሞላል። መምህሩ ‹ራይት› አድርጎ ይመልሳል፤ ልጁ ግን የተማረው ነገር የለም።

የሚያስፈልገው አንድ ልማድ ነው። ልጁ ካጠና በኋላ ደብተሩን ዘግቶ፣ የተማረውን በራሱ አነጋገር ለእናቱ ያስረዳ። እናት ትምህርቱን ማወቅ አይጠበቅባትም፤ «ለምን?» እና «እስቲ በምሳሌ» ማለት ይበቃታል። ልጁ የተደናቀፈበት ቦታ፣ ተመልሶ ማንበብ ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ ወይም ከቀደመው ተማሪ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ይወጣዋል። ሽምደዳ ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ ማስረዳት ካልተጨመረበት ነቀፋው ልክ ነው። ሳያዩ የማስታወሱን ጥቅም ግን ጥናት አረጋግጦታል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ የኮሌጅ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶውን ነበር። አንዴ አጥንተው፣ ሳያዩ ለማስታወስ ደጋግመው የሞከሩት ግን 61 በመቶውን አስታውሰዋል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሰዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህር ጥራት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የቋንቋ ችግር ሁሉ አለበት። ይሁንና ከታች ክፍል ጀምሮ ብቻውን አስታውሶ መሥራትን ያልለመደ ልጅ በዩኒቨርሲቲው የፈተና አዳራሽ ውስጥ በድንገት ሊለምደው አይችልም።

ሰዓቱም ይወሰን። ልጁ ምሳውን ወይም መክሰሱን ይብላ፣ ውጭ ወጥቶ ይጫወት፤ ከዚያ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ይቀመጥ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ የአባትም ስልክ ኪስ ይግባ። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐር ለቤት ሥራ በቀን ለየክፍል ደረጃው 10 ደቂቃ ይበቃል ይላል፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ከዚህ የሚተርፈው ጊዜ የጨዋታ ነው። እሑድ እንጦጦ ላይ ሲሮጥ የዋለን ልጅ «ጊዜህን አባከንክ» ማለት አይገባም።

መምህራንም ገጽ ሙሉ የሚያስገለብጥ የቤት ሥራ ትተው ልጁ ቤቱ ሄዶ የሚያስረዳው አንድ ጥያቄ ይስጡ። ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ደብተሩን አስዘግተው፣ አሥር ደቂቃ ልጃቸውን ያዳምጡ።