የመንግሥት መኪና ለምን በሰኔ ይቀባል?

ይድረስ ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች የማቀርበው ሐሳብ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉትን የሥራ ባልደረቦቼን ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፥ በአንባቢያን ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጠው በትሕትና እለምናለሁ።

ጉዳዩ የመኪና ቀለም ነው። ስሙ ሲጠራ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔም ራሴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቀለም የጌጥ ነገር ነው ከሚሉት ወገን ነበርኩ። በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ በመንግሥት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ግን በአንዲት ፒካፕ ምክንያት ሐሳቤን ለወጥኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስላልሆነና እኔም ራሴ ስላለሁበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናይቱ ነጭ ባለ ሁለት ጋቢና ስትሆን፥ በሰኔ ወር አጋማሽ ለቀለም ወደ ጋራዥ ገባች። የገባችውም ጊዜው ለቀለም ይመቻል ተብሎ አይደለም፤ ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ከሰኔ 30 በፊት ካልወጣ ተመላሽ ስለሚሆን ነው። በሳምንቱ ታጥባና አብረቅርቃ ተመለሰች። ከርክክብ ኮሚቴው ሦስት አባሎች አንዱ እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ዞርናት፤ አንዱ ባልደረባችን መልኩን በበሯ ላይ እንደ መስተዋት አይቶ ሳቀ፤ «እንደ አዲስ ሆናለች» ተባለ፤ ፈረምን።

በጥቅምት ወር በበሮቹ የታችኛ ጠርዝ ላይ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል እብጠት ወጣ። በጥር ፓራፋንጎውም ውሃ ቋጠረ። ሾፌራችን አንዱን በቁልፍ ጫፍ ቢጫነው ቡናማ ውሃ ወረደ። በተከታዩ ሰኔ እንደገና ገንዘብ ተፈልጎ እንደገና ተቀባች፤ በተከታዩ ጥቅምትም እንደገና አበጠች። በመካከሉ ለጋራዡ ደብዳቤ ጽፈን ነበር። የመለሱልን «ውሉ ቀለም መቀባት ይላል፤ እኛም ቀብተናል» ብለው ነው። ውሉን አውጥተን ብናነበው እውነትም ከዚያ በቀር ሌላ ቃል አልነበረበትም።

በሦስተኛው ዓመት፥ በዚያው በሰኔ፥ ሌላ ዘዴ ስላጣን በሞጣ ከተማ ዕድሜያቸውን በባትላሜራ ሥራ የፈጁ አንድ አዛውንት ዘንድ ወሰድናት። እኒህ ሰው ስለ ቀለም ገና አንድ ቃል ሳንናገር ከሣጥናቸው አንድ መርፌና ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አወጡ። ሾፌሩ «ጋሼ፥ ዋጋውን ይንገሩንና እንሂድ» ቢላቸው፥ «ምን እንደ ሆነች ሳላውቅ ምኑን ልንገርህ ልጄ? መጀመሪያ ትታይ» አሉት። ሁለት ጊዜ ሥራውን የተረከብነው እኛ እንዲህ ብለን አናውቅም።

ከእርሳቸው የተማርኩትን፥ በኋላም አንብቤ ያመሳከርኩትን እነሆ እጽፋለሁ። ቀለም የሚያብጠው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። እብጠቱ ተወግቶ ቅርፊቱ ሲነሣ ከሥሩ የሚገኘው ነገር ምክንያቱን ይናገራል። ቡናማ ዱቄትና የተበላ ላሜራ ከተገኘ ዝገት ነው። ዝገት ከተበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሣዋል። ውሃ ብቻ ወጥቶ ላሜራው ደኅና ከሆነ ግን፥ ሠራተኛው ከፈተገው በኋላ በደንብ ሳያደርቀው፥ ወይም የእጅ ላብና ጨው ሳያጠራ ቀብቶታል ማለት ነው፤ ከቀለም ሥር የቀረ ጨው ርጥበትን በቀለሙ ውስጥ አሳልፎ ወደ ራሱ ይስባልና። እብጠቱ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቅቆ በኮፈኑና በጣራው ላይ ከተበተነ ደግሞ፥ ቀለሙ በፀሐይ ላይ ወይም በጥድፊያ ወፍሮ ስለ ተነፋ ቲነሩ መውጫ አጥቶ ነው። ማግኔቱም የራሱ ሥራ አለው። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ወፍሮ በተለጠፈበት ቦታ ግን ተንሸራቶ ይወድቃል።

በመኪናችን በሮች ሥር ማግኔቱ ወደቀ። አዛውንቱ በካቻቪቴ ጫፍ ቢነቀንቁት የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ እንደ ደረቀ ጭቃ ተገምሶ ወረደ። ከበስተኋላው ቀዳዳ ነበር፤ ቀዳዳውም በጋዜጣ ወረቀት ተጠቅጥቆ ነበር። የየትኛው ጋዜጣ ወረቀት እንደ ነበረ ለክቡር አዘጋጁ አልናገርም። ስቱኮ ውሃ የሚጠጣ ነገር ስለ ሆነ፥ በበሩ ውስጥ ያለው ርጥበት በወረቀቱና በስቱኮው አልፎ ሁለት ጊዜ የተከፈለበትን ቀለም ሁለት ጊዜ አነሣው።

ዝገቱ ለምን ከበሩ ሥር እንደ ጀመረ የአካባቢያችንን አፈር ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። በቢቸና ዙሪያ ያለው ምድር ብዙው ጤፍ የሚያበቅል ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠናል፤ ውሃንም ለብዙ ቀን አምቆ ያቆያል። በመኪና በር የታችኛ ጠርዝ ላይ፥ በመስኮቱ ጎማ በኩል የሚገባው ዝናብ እንዲወርድ ፋብሪካው ያበጃቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ወደ ገጠር ቀበሌ የምትወጣ መኪና እነዚህ ቀዳዳዎች በዋልካ ይደፈኑባታል። ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ስንመላለስ በሩ በተዘጋ ቁጥር የውሃ መንቦጫረቅ እንሰማ ነበር፤ ከመካከላችን ግን ምን ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቀዳዳዎቹን በአንድ ቁራጭ ሽቦ ማጥራት ለሾፌሩ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ከባሕር ማዶ አገልግላ የምትመጣ መኪናማ ከዚህም የባሰ ታሪክ ይኖራታል፤ በአውሮፓ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ዝገቱን ይዛ የምትገባ አትጠፋም።

ወደ ጥገናው ልመለስ። አዛውንቱ የበሰበሰውን ላሜራ እስከ ጤናማው ድረስ ቆርጠው ጣሉና አዲስ ላሜራ በልኩ በየዱበት። ላዩን ብቻ የዛገውን ቦታ ብረቱ ነጥቶ እስኪያበራ ድረስ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፤ በጥቃቅኑ ጉድጓድ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት መድኃኒት አጥፍተው፥ አጥበው፥ አደረቁት። ብረቱንም ሳያሳድሩ በዚያው ቀን ኢፖክሲ የተባለውን አንቲረስት ቀቡት፤ የተፈተገ ብረት በክረምት አየር አንዲት ሌሊት ካደረ እንደገና መዛግ ይጀምራልና። ከዚህ በኋላ ግን እጃቸውን አጣጥፈው፥ «ቀለሙን በኅዳር አምጡልኝ፤ አሁን አልቀባም» አሉ።

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። መኪናይቱ ክረምቱን በሙሉ ግራጫና ነጭ ሆና ቡራቡሬዋን ስትዞር አለቃችን አፈሩባት። የሒሳብ ክፍሉም ያልተጠናቀቀ ሥራ በምን ይከፈላል ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ብየዳውና አንቲረስቱ በአሮጌው በጀት፥ ቀለሙ በአዲሱ በጀት እንዲሆን ተደርጎ ሁለት የተለያየ ሥራ ሆኖ ተመዘገበ። ይህን ማድረግ ከባድ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ያሰበው ሰው አልነበረም እንጂ።

አዛውንቱ እምቢ ያሉት በከንቱ አይደለም። ኮምፕሬሰር አየር ሲያምቅ በአየሩ ውስጥ ያለውን ርጥበት አብሮ ያምቃል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ርጥበቱ ውሃ ሆኖ በጋኑ ሥር ይጠራቀማል። በክረምት ይህ ውሃ ይበዛል። የጋኑ መፍሰሻ በየጠዋቱ ካልተከፈተ ውሃው ከቀለሙ ጋር አብሮ ይነፋል። በኅዳርም ቢሆን ሌሊቱ ስለሚበርድ ላሜራው ላይ ጤዛ ያርፋል፤ ስለዚህ ሥራቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ ነበር። አንቲረስቱን እንደገና ፈተጉት፤ ስቱኮውን ለማስተካከል ያህል ስስ አድርገው መቱት፤ በ180ና በ320 ቁጥር ፈትገው ፕራይመር ቀቡ፤ በ600 ቁጥር አለስልሰው፥ አድርቀው፥ ቀለሙን በየመካከሉ እያቆዩ ስስ ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ ነፉት። የበሩንም ውስጥ ሰም ባለበት ዘይት ረጩት። ይህ የመጨረሻው ሥራ ለዓይን የማይታይ ስለ ሆነ፥ በእኔ ግምት በርካሽ ዋጋ ከሚሠራ ጥገና ውስጥ መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን እዚያም አሳዝኖኛል። ቀለሙን የሚነፋው ልጅ አፍንጫውን በጨርቅ ብቻ ሸፍኖ ነበር። አጠንካሪ የሚጨመርበት ቀለም ኢሶሲያኔት የሚባል ነገር አለበት፤ ይህም የአስም በሽታ ያመጣል፤ ጨርቅም አያግደውም። ሥራውን የምናዝዝ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ተገቢውን የመተንፈሻ ጭንብል እንዲያደርግ በውላችን ብናስገባ አንድም አንጎዳም።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። የመኪና አካል ጥገናና ቀለም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት እንዲሆን በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ገና በሐምሌ ይግባ። በጨረታው ወረቀት ላይ «ቀለም መቀባት» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ የበሰበሰው ተቆርጦ እንዲበየድ፥ አንቲረስት ከውስጥም ከውጭም እንዲቀባ ተዘርዝሮ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ሁልጊዜ ስቱኮውን የሚያወፍረው ይሆናል፤ በቅንነት የሚሠራው ባለሙያም በጨረታው ይሸነፋል። ኮሚቴውም መኪናውን ሁለት ጊዜ ይይ፤ አንድ ጊዜ ላሜራው ራቁቱን ሳለ፥ አንድ ጊዜ ሲያልቅ። ዛሬ በሁላችንም ኪስ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ስላለ ማስረጃ አይቸግርም። ከክፍያውም ጥቂቱ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ድረስ በመያዣነት ይቆይ።

ይህ ሁሉ ለቀለም ነወይ የሚሉኝ ይኖራሉ። ዝገቱ በበሩ ላይ አይቆምም፤ ወደ ወለሉና አካሉን ወደሚሸከመው ብረት ይዘልቃል፤ መኪናውም በተጋጨ ጊዜ የተቀመጠውን ሰው የሚጠብቀው ያ ብረት ነው። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ለማስገባት ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። እጃችን ላይ ያለው መኪና ረጅም ዕድሜ ሊያገለግለን ነው። በኤሌክትሪክ የምትሠራውም ብትሆን ቆዳዋ ብዙውን ጊዜ ያው ላሜራ ነው፤ ዋልካውም ለእርስዋ አያዳላም።

መኪናይቱ በኅዳር ከተቀባች ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎባታል። በሮቿ ደኅና ናቸው። ከፊት መስተዋቱ ጎማ ሥር ግን የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት እብጠት አይቻለሁ፤ ለሾፌሩም አሳይቼዋለሁ፤ ወደ አዛውንቱ የምንወስድበትንም ቀን በዕቅዱ ላይ አስመዝግበናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፤ ከሞጣ