ላሟን ወደ ማለቢያው የሚጠራት መኖ ነው

ሰው እጁን ሳያሳርፍ ላም የሚያልብ መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በገበሬዎች በረት ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ በሰሜን አውሮፓ አያሌ ገበሬዎች ይገለገሉበታል። ይህን የሰማ ሁሉ የሚያደንቀው የመኪናውን ብልሃት ነው። ነገር ግን ከመኪናው ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የላሟ ጠባይ ነው።

መኪናው ላሟን ጎትቶ አያመጣትም። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በገዛ ፈቃዷ ካልገባች፥ ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ገበሬውም የቀሩትን ላሞች ሲነዳ ይደክማል። ብዙ ሰው ላሟ ጡቷ ሲሞላ ለመታለብ የምትመጣ ይመስለዋል። በእንግሊዝ አገር በ1998 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ግን ከመታለቡ ይልቅ የሚስባት በማለቢያው ውስጥ የሚሰጣት መኖ መሆኑን ገለጠ።

በ2010 ዓ.ም. በዴንማርክ የወጣው ጥናት ደግሞ ላሞች መኖን እንደሚያማርጡ አስረዳ። ከገብስና ከአጃ ተደባልቆ የተሠራው እንክብል መኖ ከሁሉ ይልቅ ወደ ማለቢያው ሲያመላልሳቸው፥ ስብ የበዛበትና ከደረቀ ሣር የተሠራው ግን ያን ያህል አልሳባቸውም። እንክብሉም ጠንካራ ሊሆን ይገባል፤ ደቆ አቧራ የሆነውን ላም አትወድምና።

ሆኖም የላሟን ምኞት ሁሉ መፈጸም ጥበብ አይደለም። የእህል መኖ ያለ ልክ ቢሰጣት በጨጓራዋ ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ ድርቆሹን ትተዋለች፤ የወተቱም ቅባት ይቀንሳል። ስለዚህ የምትወደው መኖ በመጠን፥ ሣሩና ድርቆሹ ግን እስክትጠግብ ሊቀርብላት ይገባል።

በአሥመራም ሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ በእጁ የሚያልብ ገበሬ፥ መኪናው ባይኖረውም ትምህርቱ ይጠቅመዋል። ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በተወሰነ ሰዓት፥ በተሰፈረ ልክ፥ በምትታለብበት ስፍራ ቢሰጣት ላሟ ያለ ዱላ ትመጣለች። ፋጉሎውንም ከርጥበት ይጠብቅ፤ ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ያንን ወተት የሚጠጡትም ሕፃናት ናቸው።

አዲስ መሣሪያ ለማስመጣት የሚያስቡ ሹማምንትም አስቀድመው ደረቅ የመኖ ጎተራና የመኖውን ጥራት የሚመረምር ባለሙያ ያዘጋጁ። ገንዳው ባዶ በሆነበት በረት፥ መኪናው ምንም ያህል ቢያምር፥ ወተት አይገኝም።